የቤት ለቤት የሕክምና እንክብካቤ፦ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወጣ ማለት ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም። በስትሮክ ሳቢያ አንድ ጎኑ የማይታዘዝለት፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም በስኳር ሕመም እግሩ የቆሰለ ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ክትትል ይሻል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ቀበሌዎች ለሚኖር አርሶ አደር ፋሻ ለማስቀየር ብቻ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ደጋግሞ መመላለስ ቀላል አይደለም።

አገልግሎቱ ምንድን ነው?

የግል የቤት ለቤት እንክብካቤ ፈቃድ ያለው ነርስ ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛው ቤት ድረስ ሄዶ በክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ቁስል ማጽዳትን፣ ሐኪም ያዘዘውን መርፌ መስጠትን፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን መለካትን እንዲሁም ፊዚዮቴራፒን ያካትታል። በአዲስ አበባ ይህንን ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶች አሉ፤ በገጠር ግን ሸክሙ በዋናነት በቤተሰብና በጎረቤት ላይ ነው።

ከጤና ኤክስቴንሽን በምን ይለያል?

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ቤት ለቤት የሚደርስ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ትኩረቱ በሽታን መከላከል እና የእናቶችና የሕፃናት ጤና ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የአልጋ ቁራኛን በየዕለቱ የምታስታምም ነርስ ባትሆንም፣ ቤተሰቡን ከጤና ጣቢያ ጋር ታገናኛለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት እርሷን ማማከር ይገባል።

ከመስማማት በፊት

የባለሙያውን የታደሰ የሙያ ፈቃድ መመልከት፣ ከሆስፒታል የተሰጠውን የመውጫ ወረቀትና የሐኪም ትእዛዝ ማሳየት፣ ክፍያው በጉብኝት ይሁን በወር በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። መርፌና ሲሪንጅ በቤተሰብ ፊት ከእሽጉ ሊወጣ ይገባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌም ሆነ ግሉኮስ መቀበል አደገኛ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሸፍነው ውል ከያዘባቸው ተቋማት የሚገኝ ሕክምናን በመሆኑ፣ አባላት የግል ጉብኝት ወጪ ይተካልናል ብለው ከማሰብ በፊት የወረዳቸውን የመድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለባቸው።

የቤተሰብ ድርሻ

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በጀርባው፣ በዳሌውና በተረከዙ ላይ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ቆዳውን ማድረቅ፣ ምግብና ውኃ ቀና አድርጎ መስጠት ይገባል።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ ከቁስል መግል መውጣት ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ የባለሙያውን ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ ሕመምተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።