የቅመም ፋብሪካው ክስ፦ ነጋዴ ከመግባቱ በፊት መውጫውን ያያል

ሰሞኑን ስለ ውጭ ባለሀብት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ መግቢያው በር ነው። በ2016 ዓ.ም የወጪና የገቢ ንግድ፣ ጅምላና ችርቻሮ ለውጭ ሰው ተከፈተ። የዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። በ2017 የውጭ ባንኮችን የሚያስገባ አዋጅ ጸደቀ። መልካም ነው። ሰው አገር ሄዶ የሚነግድ ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ያፈራሁትን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?»

ይህን ጥያቄ ለምን እንደሚጠይቅ የሚነግረን ታሪክ እዚሁ አገራችን አለ።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሚገኝ ካላማዙ የተባለ የቅመም ኩባንያ፣ በ1950ዎቹ መገባደጃ (በእኛ አቆጣጠር) ኢትዮጵያ ውስጥ የቅመም ፋብሪካ በአክሲዮን አቋቋመ። 80 ከመቶ ገደማው ድርሻ የእሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም ደርግ ፋብሪካዎችንና የንግድ ድርጅቶችን ሲወርስ ይህም አልቀረለትም፤ የኩባንያው ድርሻ ወደ 39 ከመቶ ገደማ ወረደ። መንግሥት የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ። ኩባንያው 11 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ የቀረበለት የ450 ሺህ ዶላር ግምት ነበር። ያውም በብር።

«ያውም በብር» የምትለዋን ልብ በሉ። ያኔ አንድ ዶላር 2.07 ብር ነው፤ ስለዚህ ካሳው 930 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ግን ምን ይደረግበታል? የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ስለሆነ እንዳሻህ መንዝረህ አትልከውም። በ1968 በወጣው አዋጅ የአንድ ግለሰብ ካፒታል በችርቻሮ ከ200 ሺህ፣ በጅምላ ከ300 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ትርፍ ቤትም ተወርሷል። አገር ውስጥ መሥራት የማይችል፣ ከአገርም መውጣት የማይችል ገንዘብ ማለት ይህ ነው።

ኩባንያው ግን አንድ መያዣ በእጁ ነበረው። ከፋብሪካው ላዘዘውና ለተረከበው ቅመም የ1.9 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አልከፈለም። የተወረሰው ፋብሪካ ዕዳውን ለማስከፈል አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ኩባንያውም በመልሱ ስለ መወረሱ ከሰሰ። በ1976 ዓ.ም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለቱ አገሮች በጃንሆይ ጊዜ የተፈራረሙት ውል ጉዳዩን ለማየት እንደሚያስችል ወሰነ። ውሉ የአንዱ አገር ዜጋ ንብረት ያለ ተገቢ ካሳ እንዳይወሰድ ይላል። በ1978 ደርግ ለአሜሪካውያን ባለንብረቶች በጠቅላላ 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዶላር።

አሁን ወደ ሌሎቹ የውጭ ሰዎች እንምጣ። ሱቃቸውን በስማቸው ሳይሆን «ዓረብ ቤት» እያልን የምንጠራቸው የመናውያን፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ልብስ የሰፉልን፣ ወርቅ የሠሩልን አርመኖች፣ ግሪኮቹ። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው፣ አማርኛ አፍ የፈቱበት፣ ትርፋቸውን ቤት የሠሩበት ናቸው። ውጭ አገር ያስቀመጡት መያዣ፣ የሚሟገትላቸው ኃያል መንግሥትም አልነበራቸውም። ቤቱም ሱቁም ሲወረስ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚህ የወጣው ትምህርት ክፉ ነው። ገንዘቡን ውጭ ያስቀረው አስመለሰ፤ ሁሉን እዚህ የተከለው ባዶ እጁን ቀረ። ይህን ያየ ነጋዴ ልጁን ምን ብሎ ይመክራል? «አትትከል» ነው የሚለው። ዋጋ አሳንሶ መላክ፣ አስበልጦ ማስገባት፣ ልዩነቱን ውጭ ማስቀመጥ ከስግብግብነት ብቻ አይመጣም፤ ፍርሃትም ያመጣዋል። ዛሬ የእኛው ነጋዴ ሳይቀር የሚያደርገው ነው።

ደርግ ያለ ምክንያት ተነሣ አልልም። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች በአብዛኛው በውጭ ሰዎች እጅ ነበሩ፤ የሠራተኛውም ብሶት እውነት ነበር። ግን ቁጣው በባለሚሊዮኑና በሰፈር ባለሱቁ መካከል አልለየም፤ የመክፈያውም መንገድ የማይንቀሳቀስ ብር ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ በሩ ሲከፈት መንግሥትን ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ነው፦ የሚገባው ሰው ትርፉን በሕጉ መሠረት፣ ሳይለምንና ወራት ሳይጠብቅ ሊያወጣ ይችላል? ንብረቱ ቢነካ የሚዳኘው ፍርድ ቤት የሚታመን ነው? እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ለሚነግደው ዜጋስ ያው ዋስትና አለው? ለሚሺጋኑ ኩባንያ ውል ነበረው። ለመርካቶው ነጋዴ ያለው ሕጉ ብቻ ነው።

መውጫው የታወቀ ቤት ሰው ተደላድሎ ይቀመጥበታል። መውጫው የጠፋበት ቤት እንግዳው በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚያወራው።