ኮሚክ ሠዓሊ የሚማርበት ቤት

ኮሚክ ታሪክን በተከታታይ ክፈፎች፣ ሥዕልንና ጽሑፍን አዋህዶ የሚተርክ ጥበብ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ በየረድፉ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፈፎች፣ የሚያሳየውን የጨርቅ ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። በጋዜጣና በመጽሔት እየታተመ እንጀራ የሚበላበት ሙያ የሆነው ግን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ነው። በእነዚህ አገሮች ሙያው ከተስፋፋ በኋላም ለረጅም ዘመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ቦታ አልሰጡትም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ምክንያቱ ንቀት ብቻ አልነበረም። በአካዳሚዎቹ ወግ ተማሪው መጀመሪያ የጂፕሰም ቅርጽ ይገለብጣል፣ ቀጥሎ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ሞዴል ይስላል፣ ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሠለጥነው ዓይን ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን አንድ ነገር ለሰዓታት ማየትን ይለምዳል። ኮሚክ የሚስል ሰው ግን ፊቱ የተቀመጠ ነገር የለውም። አንዱን ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከላይ፣ ሲሮጥና ሲወድቅ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መልኩ ሳይለወጥ ከአእምሮው አውጥቶ መሳል አለበት፤ ያውም ለንግግሩ ቦታ ትቶ፣ ማተሚያ ቤቱ በቆረጠው ቀን። የዚህ ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው ሁለቱን የሥዕል ዓይነቶች ለማስታረቅ የተደረገው ሙከራ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አስተማሪ ሠዓሊ ለመሆን ፈልጎ ያልቻለ ሰው ነበር። የጄኔቫው ሮዶልፍ ቶፕፌር አባቱ የታወቀ ሠዓሊ ቢሆንም የዓይኑ ሕመም የአባቱን ሙያ እንዳይዝ ስለከለከለው መምህር ሆነ፣ አዳሪ ትምህርት ቤትም ከፈተ። ተማሪዎቹን ለማዝናናት የሠራቸው ባለ ሥዕል ቀልዶች በ1830ዎቹ መታተም ጀመሩ፤ ዛሬ የኮሚክ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ከእርሱ ይነሣሉ። በ1845 ደግሞ ስለ ፊት አሳሳል አንድ ድርሰት አወጣ። በድርሰቱ መሠረት ባለታሪክ ለመፍጠር የአካዳሚ ሥልጠና ግድ አይደለም፤ ማንም ሰው ወረቀት ላይ ፊት መጫር፣ አፍንጫውን ወይም ቅንድቡን ጥቂት መለወጥ፣ ከዚያም የፊቱ ጠባይ እንዴት እንደተለወጠ ማስተዋል ይበቃዋል። ዘዴው ዛሬም በኮሚክ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ሳምንታት ቢሰጥ የሚያስገርም አይሆንም። ቶፕፌር ግን ተከታይ ትምህርት ቤት አልተወም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

አካዳሚውና ኮሚኩ እንዴት እንደተላለፉ ከሚያሳዩት ሁኔታዎች ሁሉ የብራስልሱ ይበልጣል። በኋላ ሄርዤ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ዦርዥ ረሚ በ1920ዎቹ በከተማው በሚገኘው ሴን-ሉክ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለማታ ትምህርት ተመዘገበ። የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ከጂፕሰም የተሠራ የግሪክ ዓምድ ጉልላት፣ ቅጠላ ቅጠሉን ሁሉ ሳይቀር፣ እንዲገለብጥ ነበር። ወጣቱ የሚፈልገው ሰው መሳል ነበርና ሰለቸው፤ ከዚያች ማታ በኋላም አልተመለሰም። ቲንቲን የተባለው ገጸ ባሕርይ በጥር 1929 በብራስልስ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ፈጣሪው ስለ ሥዕል ያወቀው በአብዛኛው በስካውት መጽሔትና በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ያገኘው ነው።

አሜሪካውያን ክፍተቱን በፖስታ ሞሉት። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በመጽሔቶች የኋላ ገጽ ላይ ካርቱን መሳል የሚያስተምሩ የተልዕኮ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። በክሊቭላንድ የነበረው የቻርልስ ላንደን ትምህርት ቤት ከታወቁት አንዱ ነው። ተማሪው ትምህርቱን በፖስታ ይቀበላል፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ይልካል፣ እርማቱ ተመልሶ ይመጣለታል። የዶናልድ ዳክን ታሪኮች የጻፈውና የሳለው ካርል ባርክስ በኦሪገን ገበሬ ቤት ሳለ ከዚህ ትምህርት ጥቂቱን ብቻ ነበር የወሰደው። ላንደን ከሌሎቹ የሚለየው ለጋዜጦች ኮሚክ በሚያከፋፍል ድርጅት የሥዕል ክፍል ኃላፊ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ሲያገኝ ሥራ ሊሰጠው ይችል ነበር፤ በልጅነቱ ትምህርቱን የወሰደው ሮይ ክሬን በ1924 በዚያው ድርጅት አማካይነት ዋሽ ተብስ የተባለውን ተከታታይ ኮሚክ ጀመረ። በአንድ እጅ ክፍያ እየተቀበሉ በሌላው ሥራ መስጠት ሊያስወቅስ የሚችል አሠራር ቢሆንም፣ ለገጠር ልጅ ከዚህ የቀረበ በር አልነበረም።

በሚኒያፖሊስ የነበረው ሌላ የተልዕኮ ትምህርት ቤት ደግሞ ቻርልስ ሹልዝን አፈራ። እናቱ መክሊትን እንፈትናለን የሚል ማስታወቂያ አይታ ለልጇ አሳየችው፤ በ1940 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተመዘገበ። ክፍያው 170 ዶላር ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ የነበረው አባቱ በየጊዜው እየከፈለ ጨረሰው። ሹልዝ የሚኖረው በሴንት ፖል፣ ከትምህርት ቤቱ ከተማ አጠገብ ነበር፤ ዓይን አፋር ስለነበረ ግን የቤት ሥራውን ይዞ ከመሄድ ይልቅ በፖስታ ይልክ ነበር። በሕፃናት አሳሳል ያገኘው ውጤት ሲ ፕላስ መሆኑ የታወቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ እዚያው ተቀጥሮ የሌሎችን የቤት ሥራ ማረም ጀመረ፤ የባልደረቦቹንም ስም፣ ቻርሊ ብራውንንና ላይነስን፣ ለገጸ ባሕርያቱ ሰጠ። ፒናትስ የተባለው ኮሚክ ጥቅምት 2 ቀን 1950 በሰባት ጋዜጦች ጀመረና 50 ዓመት ገደማ ቆየ፤ ባለታሪኮቹ በአብዛኛው ሕፃናት ናቸው።

በኒውዮርክ የሚያድጉ ልጆች ሌላ ምርጫ ነበራቸው። በከተማዋ በሚገኘው አርት ስቱደንትስ ሊግ ጆርጅ ብሪጅማን ለአሥርት ዓመታት የሰው አካል አሳሳልን አስተምሯል። ብሪጅማን አካልን እንደ ጡንቻ ዝርዝር ሳይሆን እርስ በርሳቸው እንደሚቀረቀሩ ጥርብ ድንጋዮች ያየው ነበር፤ ደረት አንድ ድንጋይ፣ ዳሌ አንድ ድንጋይ፣ በመካከላቸው የሚጠማዘዝ ወገብ። በተማሪው ሥዕል ላይ ራሱ በወፍራም መስመር እየሳለ ነበር የሚያርመው። ይህ አስተያየት ሞዴል ሳይኖር አካልን ከየትኛውም አቅጣጫ አዙሮ ለመሳል ስለሚያስችል፣ ያልታሰበላቸውን የኮሚክ ሠዓሊዎች ጠቀመ። ከእርሱ ዘንድ ከተማሩት አንዱ ኮሚክ ሠዓሊው ዊል አይዝነር ነው። ሌላው ኮሚክ ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ግን በ14 ዓመቱ ፕራት ኢንስቲትዩት ገብቶ በሳምንቱ እንደወጣ ተናግሯል፤ መምህራኑ አንድን ሥራ ለረጅም ጊዜ የሚያለሰልስ ሰው ሲፈልጉ እርሱ ብዙ ሥራ በፍጥነት መጨረስ ይፈልግ ነበር።

ፍጥነትን የሚያስተምሩት ስቱዲዮዎቹ ነበሩ። በ1936 ገደማ ሃሪ ቼስለር፣ እንዲሁም አይዝነርና ጄሪ አይገር፣ ለአሳታሚዎች የተዘጋጀ ኮሚክ የሚያቀርቡ የሥራ ክፍሎች ከፈቱ። ሥራው እየተቀባበለ ይሄዳል፦ አንዱ ድርሰቱን ይጽፋል፣ ሌላው በእርሳስ ይነድፋል፣ ሦስተኛው ፊደሉን ይጥላል፣ አራተኛው በጥቁር ቀለም ያደምቃል። ከፖላንድ በሕፃንነቱ መጥቶ በብሩክሊን ያደገው ጆ ኩበርት ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ከትምህርት ሲወጣ ወደ ቼስለር ስቱዲዮ ይሄድ ነበር። ቼስለር በሳምንት 5 ዶላር እየሰጠ በትልልቆቹ አጠገብ አስቀምጦ ያለማምደው ነበር። ክፍያ የሚያገኝ ተማሪ በአካዳሚዎቹ የተለመደ አልነበረም።

የመጀመሪያው እውነተኛ የኮሚክ ትምህርት ቤት የተከፈተው መንግሥት ለተማሪ መክፈል ሲጀምር ነው። በ1944 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ መሸፈን ጀመረ። የታርዛንን የእሑድ ጋዜጣ ኮሚክ ይስል የነበረው በርን ሆጋርዝ ቀድሞም ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር፤ በ1947 ከሳይለስ ሮድስ ጋር የካርቱኒስቶችና ኢለስትሬተሮች ትምህርት ቤትን በ3 መምህራንና በ35 ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች፣ ከፈተ። ሆጋርዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ምንም ሞዴል ሳይኖር የሚዘል ወይም የሚወረወር ሰው በጠመኔ እየሳለ የአካልን አሠራር ያብራራ ነበር። በኋላ ያንኑ ትምህርት በ1958 በወጣው ስለ አናቶሚ በጻፈው መጽሐፍ አስፋፋው። የአካዳሚው አናቶሚ ለጋዜጣ ሥራ ሲታረቅ የታየው እዚህ ነው፤ ዋሊ ዉድና አል ዊሊያምሰን ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። የሆጋርዝ አካል የተጋነነ፣ ጅማቱ ሁሉ የተገተረ መሆኑ አይካድም።

ሙያው ግን ወዲያው ተናጋ። በ1954 ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚለው ውግዘት በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ አስከተለ፤ አሳታሚዎች ራሳቸውን የሚቆጣጠር ደንብ አወጡ፣ ብዙዎቹም ተዘጉ። በ1956 ትምህርት ቤቱ ስሙን የእይታ ጥበባት ትምህርት ቤት ብሎ ለወጠ፤ ካርቱኒስት የሚለው ቃል ከበሩ ላይ ወረደ። የኮሚክ ትምህርት እንደገና በጉልህ የተነሣበት በ1970ዎቹ፣ አይዝነርና የማድ መጽሔት መሥራች ሃርቬይ ከርትዝማን እዚያው ማስተማር ሲጀምሩ ነው። አይዝነር ያተኮረው በአካል አሳሳል ላይ ሳይሆን በትረካ ላይ ነበር፤ ክፈፉ ለምን ጠበበ፣ ዝምታ በስንት ሥዕል ይገለጻል የሚለው ጥያቄ ለክፍሉ ዋና ትምህርት ሆነ። ከእነዚያ ትምህርቶች የተነሣው መጽሐፉ በ1985 ታተመ።

በ1970ዎቹ የቼስለር ዓይነት ስቱዲዮዎች ጠፍተው ሠዓሊዎች በየቤታቸው ብቻቸውን ይሠሩ ነበር፤ አንድ ልጅ በትልልቆች አጠገብ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ኩበርት በልጅነቱ ያገኘውን ዕድል በትምህርት ቤት መልክ መለሰው። በመስከረም 1976 ከባለቤቱ ከሙሪየል ጋር በኒውጀርሲ በዶቨር ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ትልቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስቲቭ ቢሴት፣ ሪክ ቪችና ቶም ዬትስ ይገኙበታል። ትምህርቱ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን መምህራኑ በሥራ ላይ ያሉ ሠዓሊዎች ናቸው።

በዚህ ዓይነቱ ትምህርት የአንድ ገጽ አሠራር ከታተመው መጽሔት በሚበልጥ መጠን፣ በ10 በ15 ኢንች ገደማ፣ ይጀምራል። ወደ ማተሚያ ሲሄድ ሥዕሉ ስለሚያንስ የእጅ ስሕተትም አብሮ ያንሳል። ንድፉ ብዙ ጊዜ በቀላል ሰማያዊ እርሳስ ይሠራ ነበር፤ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ይህን ቀለም ስለማያነሣው መጥፋት አያስፈልገውም ነበር። ቀጥሎ በብሩሽና በብዕር ጥቁሩ ቀለም ይገባል። ብሩሹ ሲጫኑት እየወፈረ፣ ሲያነሡት እየሳሳ የሚሄድ መስመር ስለሚሰጥ የልብስ እጥፋትና የፊት ጥላ በአንድ ምት ይወጣል፤ ይህን ምት ለማወቅ ወራት ይወስዳል። ኩበርት በ2012 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ጋር ቆይቷል፤ ልጆቹ አዳምና አንዲም በዚያው ተምረው በዚያው አስተምረዋል።

ሄርዤ አንዲት ማታ ብቻ የቆየበት ሴን-ሉክም በ1960ዎቹ መጨረሻ በኤዲ ፓፕ አስተማሪነት የኮሚክ ክፍል ከፈተ፤ በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1976 ክሎድ ረናር ሲረከበው አካሄዱ ተለወጠ። ረናር ተማሪዎቹ የሄርዤን ጥርት ያለ መስመር እንዲደግሙ አልፈለገም፤ ቴክኒክን እንዲሞክሩ፣ ሥራዎቻቸውንም በጋራ መጽሐፍ እንዲያሳትሙ ገፋፋቸው። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ልጅ የሆነው ፍራንሷ ሽዊተንና ቤንዋ ሶካል ከዚያ ክፍል ወጡ።

ጃፓን የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። በ1959 ማንጋ የሚባለውን የጃፓን ኮሚክ የሚያወጡ ሳምንታዊ የልጆች መጽሔቶች ሲጀምሩ አንድ ሰው ብቻውን በየሳምንቱ ያን ያህል ገጽ መሙላት ስለማይችል ሠዓሊው ረዳቶች ይቀጥር ነበር። ረዳቱ የክፈፉን መስመር ያሰምራል፣ ጥቁሩን ይሞላል፣ ሕንፃና ዛፍ ይስላል፤ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ፊት ግን አይነካም። ጥቂት ዓመት ሠርቶ የራሱን ታሪክ ይዞ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ጠንካራ ስለነበረ ትምህርት ቤት ያን ያህል አልተፈለገም። የዛሬው የኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ በ1973 የማንጋ ክፍል ቢከፍትም ማንጋን ራሱን በቻለ ፋኩልቲ ያደራጀው በ2006 ነው፤ በአገሩ የመጀመሪያው ነበር። ከ2000 ጀምሮ እዚያ ያስተማረችው ኬይኮ ታኬሚያ በ1970ዎቹ የልጃገረዶችን ማንጋ ከለወጡት ሠዓሊዎች አንዷ ስትሆን፣ በ2014 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነች። የማንጋ ተመራቂ ዲግሪውን ይዞም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያገኘው በድሮው መንገድ ነው፤ የተጠናቀቀ ታሪኩን ይዞ ወደ መጽሔቱ አዘጋጅ ይሄዳል፣ አዘጋጁም ፊት ለፊቱ ገጹን እያገላበጠ አስተያየቱን ይሰጠዋል።