የወለቀ ጥርስ በምን ይተካል?

በአገራችን ፍንጭት ጥርስ ይዘፈንለታል፤ ወላቃነት ግን ያሳቅቃል። በጥርስ ሕክምና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰዎች በአንዲት ክፍተት ምክንያት ሳቃቸውን ሲውጡ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲያወሩ፣ ግብዣ ላይ ሥጋውን ትተው መረቁን ብቻ ሲያጠቅሱ አይቻለሁ። የዛሬው ጽሑፌ አንድ አዋቂ ሰው ጥርሱን ሲያጣ በምን ሊተካው እንደሚችል፣ የእያንዳንዱ አማራጭ ጥቅምና ጉዳትስ ምን እንደሆነ ይመለከታል። አስቀድሜ ግን አንድ ገጠመኜን ላካፍልዎ።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ ክፍሌ ገቡ። "ዶክተር፣ ልጄን ልድር ሁለት ወር ቀርቶኛል። ለቪዲዮው ያህል እንኳ አንድ ነገር አድርግልኝ" አሉኝ። ነጠላቸውን ሲገልጡ ከላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው አንዱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ጥርሶቻቸው ጋርም በፕላስቲክ መሰል ነገር ተለስኖ ተጣብቋል። ከአራት ዓመት በፊት ጥርሳቸውን ካስነቀሉ በኋላ "በአንድ ከሰዓት ውስጥ በርካሽ ይተክላል" የተባለ ሰው ዘንድ ሄደው ያሠሩት ነበር። ልስኑ አይወልቅም፤ ሥሩም አይጸዳም። ለአራት ዓመት ምግብ ሲጠራቀምበት ድዳቸው ቆስሏል፣ አጥንቱም ተበልቷል። በጥንቃቄ ሳነሳው ደጋፊ የነበሩት ሁለቱ ጥርሶች በጣት የሚነቃነቁ ሆነው ተገኙ። በአንድ ጥርስ የተጀመረው ችግር ሦስት ጥርስ ሆኖ አረፈው።

"ጥርስዎን ሲያስነቅሉ በምን እንደሚተካ ነግረውዎት ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ማንም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ" አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚተካው ነገር መታሰብ ያለበት ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት እንጂ ክፍተቱ ካሳፈረን በኋላ አይደለም።

ክፍተቱ ባለበት አይቆይም

አንድ አዋቂ ሰው በመጨረሻ የሚበቅሉትን አራት የኋላ መንጋጋዎች ጨምሮ 32 ጥርሶች ይኖሩታል። ጥርሶች ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። አንዱ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በተቃራኒው መንጋጋ ላይ ያለው ጥርስም የሚገጥመው ስለሚያጣ እየረዘመ ይወጣል። ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ደግሞ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ይህ መሳሳት በይበልጥ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን በ12 ወራት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። "ገንዘብ ሳገኝ አሠራዋለሁ" እያሉ ዓመታት መቆየት አማራጮችን የሚያጠበውና ወጪውን የሚያበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቋሚ ጥርስ በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ከሁሉ የተሻለው ምትክ ራሱ ጥርሱ ነው። ሥሩን ሳይነኩ በነጩ ክፍል ይያዙት፤ ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ አለቅልቀው ወዲያው ቦታው ይመልሱትና ጨርቅ ነክሰው ወደ ሐኪም ይሂዱ። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርገው በፍጥነት ያምጡት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደረሱ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይመነምናል። ይህ ለልጆች የወተት ጥርስ አይሠራም።

1. የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ

በዋጋው ዝቅተኛ የሆነውና በአብዛኛው ሰው የሚታወቀው ይኸኛው ነው። አክሪሊክ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት፣ ወይም ቀጠን ካለ የኮባልት ክሮም ብረት ይሠራል። አንድም ጥርስ ይሁን ሁሉም ጥርስ ሊተካበት ይችላል። ጎረቤት ጥርስ መሞረድ አይጠይቅም፤ ቢሰበር ይጠገናል፤ ሌላ ጥርስ ቢነቀል ብዙ ጊዜ ሊጨመርበት ይችላል።

ጉዳቱም አለ። ሙሉ በሙሉ ጥርስ አልባ የሆነ ሰው በሚወልቅ ጥርስ የሚያገኘው የማኘክ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ ሩብ ያህል ቢሆን ነው። እንጀራ በወጥ አያስቸግርም፤ ቆሎና ጥሬ ሥጋ ግን ይከብዳል። የላይኛው ላንቃ ላይ ስለሚጣበቅ በአብዛኛው ይረጋል። የታችኛው ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንሳፈፋል። አጥንቱም በየዓመቱ እየሳሳ ስለሚሄድ በልክ የተሠራው ጥርስ ውሎ አድሮ ይሰፋል፤ ከዚያም ውስጡን ማስሞላት ወይም አዲስ ማሠራት ያስፈልጋል።

የሚወልቅ ጥርስ ያለዎት ከሆነ ማታ ያውልቁት። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና አጥበው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። የፈላ ውኃ ቅርጹን ስለሚያጣምመው አይጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የጃፓን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቤትዎ አዛውንት ካሉ ይህንን ይንገሯቸው።

2. ብሪጅ

ብሪጅ ስሙ እንደሚለው ድልድይ ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ክራውን የሚባል ቆብ ይለብሳሉ፤ በመካከላቸው ሰው ሠራሹ ጥርስ ይንጠለጠላል። በሲሚንቶ ስለሚጣበቅ አይወልቅም። በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ይጠናቀቃል፤ የማኘክ ኃይሉም ለተፈጥሮ ጥርስ የቀረበ ነው። በጥንቃቄ ከተያዘ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ አይለካም። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ከዚህ በፊት በሰፊው የተሞሉ ወይም የተሸረፉ ከሆኑ ቆብ ማልበሱ ለእነርሱም ጥቅም ነው። ሁለቱም ጤነኞች ከሆኑ ግን አንዱን ለመተካት ሁለቱን መጉዳት ይሆናልና ቢያስቡበት መልካም ነው። ለአንድ የፊት ጥርስ፣ ጎረቤቱን ብዙም ሳይሞርዱ ከጀርባው በቀጭን ክንፍ የሚጣበቅ ብሪጅ አለ፤ ንክሻው ከፈቀደ ጥሩ አማራጭ ነው። የብሪጅ ትልቁ ጠላት በቆቡ ጠርዝ የሚገባው መበስበስ ነው። ከሥሩ በሚገባ ክር ወይም ትንንሽ ብሩሽ በየቀኑ ይጽዳ።

እዚህ ላይ ከእኒያ እናት አፍ ያነሳሁት ልስን ብሪጅ አለመሆኑን ይረዱልኝ። ትክክለኛ ብሪጅ በልክ ተወስዶ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ በሥሩም ማጽጃ ያሳልፋል።

3. ኢምፕላንት

ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ሲሆን የጥርስን ሥር ተክቶ ይሠራል። ታይታኒየም ከአጥንት ጋር አንድ እንደሚሆን ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ምርምር ሲያደርግ በአጋጣሚ አስተዋለ። በ1965 ደግሞ የመጀመሪያውን ታካሚ ዬስታ ላርሶንን አከመ። ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል።

የኢምፕላንት ትልቁ ጥቅም ጎረቤት ጥርስ አለመንካቱና አጥንቱን ሥራ ሰጥቶ ከመሳሳት መከላከሉ ነው። በተገቢው ሰው ላይ በተገቢው ባለሙያ ሲሠራ ከአሥር ዓመት በኋላም ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በቦታቸው ይገኛሉ። ለአንድ ጥርስ ሲታሰብ በአብዛኛው ከሁሉም ውድ ነው። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው፤ አጥንቱ ከሳሳ በቅድሚያ አጥንት መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል።

ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ መንጋጋቸው ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገላቸው፣ ለአጥንት መሳሳት ወይም አጥንት ውስጥ ለገባ ካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለሐኪማቸው አስቀድመው መናገር አለባቸው። ኢምፕላንት አይበሰብስም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሊመረዝ ይችላልና እንደ ተፈጥሮ ጥርስ መቦረሽ ይፈልጋል።

ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥተው "በሦስት ሳምንት ጨርሼ ልመለስ" የሚሉኝ ወገኖችም አሉ። ለእነርሱ የምመክረው በሁለት ጉዞ እንዲያቅዱትና የኢምፕላንቱን ስም፣ ዓይነትና መጠን የያዘ ወረቀት ይዘው እንዲሄዱ ነው። ብሎኑ ቢላላ በሌላ አገር ያለ ሐኪም የሚገጥመውን መሣሪያ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው።

ሁለቱን የሚያጣምር መንገድም አለ። የታችኛው መንጋጋ ሙሉ በሙሉ ጥርስ አልባ ሲሆን ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ተክሎ የሚወልቀውን ጥርስ በእነርሱ ላይ ማስያዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ለታችኛው መንጋጋ ይህ ቀዳሚ ምርጫ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል።

4. ክፍተቱን መተው

ይህም አማራጭ ነው። ከመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች አንዱ ቢነቀልና ማኘክ ካላስቸገረዎ ላይተካ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ ልክ ቢያንስ 20 የተፈጥሮ ጥርስ ይዞ መቆየትን እንደ ግብ አስቀምጧል። ጃፓንም ከ1989 ጀምሮ "በ80 ዓመት 20 ጥርስ" የሚል ዘመቻ ታካሂዳለች። ጥሩ የሚገጥሙ 20 ጥርሶች ለአብዛኛው ምግብ ይበቃሉ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍተት ባየ ቁጥር "ይተከል" የሚልዎትን ብቻ ሳይሆን "ይህ ባይተካም ምንም አይልም" የሚልዎትንም ሐኪም ያዳምጡ።

ከማስነቀልዎ በፊት የሚጠይቋቸው

• ይህን ጥርስ ማዳን አይቻልም? ሥሩን ማሳከም ከመንቀልና ከመተካት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።
• ከተነቀለ መተካት አለበት? ካልተካሁትስ ምን ይሆናል?
• ለእኔ አፍና ለእኔ ጤና የትኛው አማራጭ ይስማማል? ጎረቤት ጥርሶቼን ይነካል?
• ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ራጁ፣ ጊዜያዊው ጥርስና የኋላ ክትትሉ ተካቷል?
• በምን አጸዳዋለሁ? ይህንን መመለስ የማይችል ሰው ጥርስዎን አይንካ።

እኒያ እናት ምን ሆኑ?

ሁለቱን የሚነቃነቁ ጥርሶች ማትረፍ አልተቻለም። ልክ አስቀድመን ወስደን በነቀልንበት ቀን ሦስት ጥርስ ያለው ጊዜያዊ የሚወልቅ ጥርስ ገጠምንላቸው። ልጃቸውን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳሩ። ቁስሉ ሲድን ስለ ቋሚው ተነጋገርን። ለኢምፕላንት አጥንቱ ሳስቷል፤ አጥንት ለማስሞላትም አቅማቸው አልፈቀደም። ለብሪጅ ደግሞ አንደኛው ደጋፊ ጥርስ ደካማ ነበር። በብረት የተሠራ ቀጭን የሚወልቅ ጥርስ መረጡ፤ ዛሬም እርሱን እያደረጉ ነው። ማታ ማታ አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ እንደሚያሳድሩት፣ የልጅ ልጃቸውም ጠዋት ጠዋት "የአያቴን ጥርስ እኔ ላምጣ" እያለ እንደሚሻማ እየሳቁ ነግረውኛል።

ሲስቁ ደስ ይላል። ግን ከዓመታት በፊት በዚያች የመጀመሪያ ጥርስ ቀን አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳቸው ኖሮ፣ ዛሬ የጎደላቸው አንድ ጥርስ ብቻ ይሆን ነበር። እርስዎ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ።

ቸር እንሰንብት!