እንቆቅልሽ፦ ዝም ያለ ልጅ የሚናገርበት በር

ከጎንደር ተነስተን ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ አዘዞን አልፈን ጠዳን እናገኛለን። በጠዳና በዙሪያዋ ያደግን ልጆች ሲመሽ አያት ወይም እናት አጠገብ ተሰብስበን እንቆቅልሽ እንጠያየቅ ነበር። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይመልሳል። መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። በር የሌለው ቤት እንቁላል መሆኑን ያወቅነው ጎንደርን የሚያህል አገር አስረክበን ነው።

ዛሬ ያን ሰዓት ስልክ ወስዶታል። ብዙዎቻችንም «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ቢቀር ምን ይጎዳል?» እንላለን። ታሪኩ ግን ሌላ ይነግረናል።

ኢማሙ ቡኻሪ ከዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐቦቻቸውን ቅጠሏ ስለማይረግፍና በሙስሊም ስለምትመሰል አንዲት ዛፍ «ምን ትሆን?» ብለው ጠየቁ። የሰዎቹ ሐሳብ ወደ በረሃ ዛፎች ሄደ። ዐብደላህ ግን የተምር ዛፍ መሆኗን በልቡ አወቀ። በሌላ ዘገባ እንደተገለጸው፣ በዚያ ሰዓት ለነብዩ የተምር ዛፍ ለጋ ልብ ቀርቦላቸው ነበርና ፍንጩን ከዚያ አገኘ። ሆኖም ከተቀመጡት ሁሉ ታናሽ ነበር፤ አቡበክርና ዑመር ዝም ባሉበት መናገር አፈረ። በኋላ ለአባቱ ሲነግራቸው፣ ዑመር (ረ.ዐ.) «ታላላቆችህን አከበርክ» ብለው አላለፉትም፤ ተናግሮት ቢሆን ከብዙ ነገር ይበልጥባቸው እንደነበር ነገሩት።

እንቆቅልሽ ለልጅ ምን እንደሚሠራ እዚህ ላይ እናያለን። ልጁ ዓይኑ ያየውን ጆሮው ከሰማው ጋር ያገናኛል። ከዚያ የመጣለትን መልስ በምልክቶቹ ይፈትሻል፤ ቅጠሏ ይረግፋል ወይስ አይረግፍም? ሦስተኛው ድፍረት ነው። ዐብደላህ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

ቡኻሪም (እ.ኤ.አ. 810–870) ይህን ሐዲሥ በዕውቀት ምዕራፍ፣ አስተማሪ የተማሪዎቹን ዕውቀት ለመፈተን ጥያቄ ስለማቅረቡ በሚናገር ርዕስ ሥር አስቀምጠውታል። እ.ኤ.አ. በ1122 ያረፉት አል-ሐሪሪም «መቃማት» በተሰኘው ሥራቸው 100 የፊቅህ እንቆቅልሾችን አስገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጎንደር ገና የነገሥታት መቀመጫ ሳለች፣ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ ካርታ ሠሪ እንጨት ላይ የተለጠፈ ካርታ በአገሮች ድንበር እየቆረጠ፣ ልጆች ገጣጥመው ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ይሸጥ ነበር። እነዚያ ልጆች አገርን በእጃቸው እየገጣጠሙ ተማሩ፤ እኛ ደግሞ አገር እየሰጠንና እየተቀበልን የከተሞችን ስም ለመድን።

በእኛ ቤት ታላላቆች ሲያወሩ ልጅ ዝም ይላል፤ አደብም ነው። እንቆቅልሽ ሲመጣ ግን የሰባት ዓመት ልጅ አያቱን ጠይቆ አገር ያስረክባቸዋል። አያትም ስቀው ይሰጣሉ። ያ ልጅ ነገ በክፍልም በመድረሳም እጁን ለማውጣት አይፈራም።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ስልካችንን አስቀምጠን ታናናሾቻችንን አንድ እንቆቅልሽ እንጠይቃቸው። መልሱን ቶሎ አንንገራቸው፤ ሲሳሳቱም አንሳቅባቸው። አውቆ ያፈረውን ደግሞ «አይዞህ፣ ተናገር» እንበለው።

አላህ ለልጆቻችን የሚጠቅም ዕውቀት ይስጥልን።