የመርፌው መናፈሻ

ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሲነሳ ክርክራችን ሁሌም ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ይታሰሩ!» ይላል፣ ሌላው «ተዉአቸው!» ይላል። ሁለቱንም ሞክራ ሁለቱም ያልበጇት ከተማ አለች፤ በባንኳ የምናውቃት የስዊዘርላንዷ ዙሪክ። እስቲ ታሪኳን እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ክልከላ ነበር። ኤች አይ ቪ ሄሮይን በጋራ መርፌ በሚወጉ ወጣቶች መካከል ሲዛመት፣ በ1985 የካንቶኑ የጤና ሹም ለሱሰኞች ንጹሕ መርፌ እንዳይሰጥ አገደ። ብዙ ሐኪሞች «አንታዘዝም» አሉ፤ እገዳውም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ።

ቀጥሎ መቻቻሉ መጣ። ከ1987 አካባቢ ጀምሮ ሱሰኞቹ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የፕላትስፒትስ መናፈሻ ሲሰበሰቡ ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ጀመር። በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሰው ይጎርፍ ነበር። ሐኪሙ ፔተር ግሮብ የመሩት ቡድን እዚያው ንጹሕ መርፌ ያድላል፣ ትንፋሹ የቆመውን ያነቃል። ቡድኑ የብዙዎችን ሕይወት አቆየ። ግን መናፈሻው የሻጮችም ገበያ ሆነ፤ ከሱስ መውጫ በርም አልነበረውም።

በፌብሩዋሪ 1992 የመናፈሻው አጥር ተቆለፈ። ሱሱ ግን አልተቆለፈም። ሰዉ በየሰፈሩ ተበተነ፤ ኋላም ሌተን በተባለ የተተወ ባቡር ጣቢያ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን በአገሪቱ በዕፅ ሳቢያ በዓመት ወደ 400 ሰው ይሞት ነበር።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ስዊዞች አራት አደረጉት፦ መከላከል፣ ማከም፣ ጉዳት መቀነስ፣ ሕግ ማስከበር። በ1994 ሌላ ሕክምና ላልያዘላቸው የቆዩ ሱሰኞች ሄሮይኑን ራሱን በክሊኒክ፣ በባለሙያ ፊት መስጠት ጀመሩ። ሌተን በ1995 ሲዘጋ ታዲያ ለሰዎቹ መሄጃ ተዘጋጅቶ ነበር። የሟቾቹ ቁጥርም በኋላ ከግማሽ በታች ወረደ።

«ስዊዞች ልቅ ስለሆኑ ነው» የሚል ካለ፣ ድምፃቸውን ይመልከት። በ1997 ይህን መንገድ ሊዘጋ የቀረበውን ሐሳብ 70 በመቶ ያህሉ ጣሉት። በኖቬምበር 2008 ሕክምናውን 68 በመቶው በሕግ አጸደቀ። በዚያው ቀን ካናቢስ ይፈቀድ የሚለውን 63 በመቶው ውድቅ አደረገ። ዕፁን አልወደዱትም፤ ልጆቻቸውን ግን መቅበር ታከታቸው።

እኛም ሱሰኛው ከሰፈራችን ጥግ ይነሳልን ስንል፣ አንድ ጥያቄ አብረን እንጠይቅ፦ ተነስቶ የት ይሂድ?