«ተለዋጭ» ሳይሆን «ተፈራራቂ ዲናሞ»

ስለ ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች በአማርኛ በሚጻፉ ማስታወሻዎች ውስጥ አንድ ጆሮ የሚቧጥጥ ሐረግ ሥር እየሰደደ ነው፤ «መለዋወጫ ተለዋጭ»። ሊባል የተፈለገው ባረጀ አልተርኔተር ቦታ የሚገባ አዲስ አልተርኔተር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ግን ዋናው ሲበላሽ የሚደርስ መጠባበቂያ ይመስለዋል። መጠባበቂያ አልተርኔተር የሚገጠምላቸው አውሮፕላኖች በእርግጥ ስላሉ ይህ መምታታት ቀላል አይደለም፤ አንባቢው የሌለውን መጠባበቂያ እንዳለው ሊያስብ ይችላል።

ጥፋቱ ያለው ግንዱ ላይ ነው። «ለወጠ» አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ ነው፤ ልብስ እንለውጣለን፣ ብር በዶላር እንለውጣለን፣ ሐሳባችንን እንለውጣለን። የተለወጠው ተራውን ጠብቆ ይመለሳል የሚል ስሜት በቃሉ ውስጥ የለም። አልተርኔተር ግን ስሙን ያገኘው በጥቅልሎቹ ውስጥ ኮረንቲው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየተመላለሰ ስለሚፈስ ነው። ከማሽኑ ከመውጣቱ በፊት ዳዮዶች አንድ አቅጣጫ ያስይዙታል፤ ስሙ ግን የውስጡን ምልልስ ይዞ ቀርቷል።

ለዚህ ምልልስ አማርኛችን ቃል አላጣም። አንዳንዶች «ተመላላሽ» ይላሉ። ሆስፒታሎቻችን «ተመላላሽ ታካሚ» ብለው ስላለማመዱን አፍ ላይ ይቀላል፤ ቢሆንም ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ሰው ድካም አለበት። እኔ የምመርጠው «ተፈራራቂ»ን ነው። ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ፣ ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፣ የሄደውም በተራው ይመለሳል። ኮረንቲው የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው። «ፈረቃ ሲባል የመብራት መጥፋት ትዝ ይለናል» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ነርሷም ዘበኛውም በፈረቃ ይሠራሉ፤ ቃሉ ተራ መቀበልን እንጂ መጥፋትን አይናገርም። በመከራ ጊዜ ስለተጠቀምንበት ብቻ ጥሩ ቃል መጣል የለብንም።

ስሙስ? «ኃይል አመንጪ» ግልገል ጊቤን ያስታውሳል፤ ከአንድ ሞተር ጎን ለተንጠለጠለ ዕቃ ይገዝፋል። ጋራዦቻችን ግን ከቆየ ጀምሮ «ዲናሞው አይሞላም» ይላሉ፣ ሁሉም ይግባባል። ከግሪክኛው «ኃይል» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1867 ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ማሽን ነው ዓለም ላይ ያናኘው። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ዲናሞ የድሮው ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሰጠው ዓይነት ብቻ ነው ብለው ይቆጣሉ። በእንግሊዝኛ እውነት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ሁለቱንም ሲያገለግል ኖሯል፤ መለየት ሲያስፈልግ ቅጽል እንጨምርለታለን፣ የድሮው «ቀጥታ ዲናሞ»፣ የአሁኑ «ተፈራራቂ ዲናሞ»።

መለየቱ ደግሞ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የተሠራውን ሴስና 172 ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ የተገጠመላቸው ቀጥታ ዲናሞ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እምብዛም አይሞላም። ተፈራራቂው በዝግታም ይሞላል፣ ይቀላልም። ስለዚህ የድሮ አውሮፕላን ባለቤት አንዱን በሌላው ሊተካ ሲያስብ ሬጉላቶሩም ሽቦውም አብሮ መታየት አለበት፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለዚያ ሞዴል የጸደቀ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመኪና የወረደ መልኩ አንድ የሆነ ዲናሞ ወረቀት ከሌለው የምስክር ወረቀት ባለው አውሮፕላን ላይ አይገባም። ቮልቱም ይለያያል፤ የድሮዎቹ ባለ 14 ሲሆኑ ሴስና እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 28 ተሻግሯል። ተፈራራቂው የማግኔት መስኩን ለመፍጠር ከባትሪው ጥቂት ኮረንቲ መቀበል ስላለበት ባትሪው ጨርሶ ከሞተ አይነሣም። ሞተሩ ራሱ ግን እሳቱን ከማግኔቶ ስለሚያገኝ ዲናሞው በአየር ላይ ቢበላሽም መዞሩን አያቆምም፤ ሬዲዮውና መብራቱ ናቸው በባትሪው ዕድሜ ላይ የሚወድቁት።

አሁን የቀረው «መለዋወጫ» ነው። ይህ ቃል ሱቅ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይዞ ለተደረደረው ዕቃ ሁሉ የወል ስም ነውና እዚያው ይቆይ። ለአንድ ለተወሰነ ዕቃ «ተካ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ምትክ» አለን፤ አጭር ነው፣ የወጣውንና የገባውን አንድ ለአንድ ያገናኛል። እንግዲህ ማዘዣው ላይ «ባለ 28 ቮልት፣ 60 አምፔር ምትክ ተፈራራቂ ዲናሞ» ተብሎ ቢጻፍ ሻጩም፣ መካኒኩም፣ አብራሪውም የሚያስቡት አንድ ዕቃ ነው። ከተገጠመ በኋላ «ዲናሞ» ማለት ብቻ ይበቃል።