ከዮርዳኖስ መሻገሪያ እስከ ኢንተርኔት በር፤ ሰውን ከማሽን የመለየት ታሪክ

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈው የዮርዳኖስ መሻገሪያ ታሪክ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ የወንዙን መሻገሪያ ያዙ። ሸሽቶ የመጣ ኤፍሬማዊ ሊሻገር ሲል ማንነቱን እንደሚክድ ያውቁ ነበርና፣ አንዲት ቃል እንዲናገር ያዙት ነበር። ቃሏ «ሺቦሌት» ናት። ኤፍሬማዊው «ሺ»ን አጥርቶ መጥራት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያው ይያዛል። መጽሐፉ በዚያ ጊዜ 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ይናገራል።

ለጠባቂ ከዚህ የቀለለ ፈተና የለም። ወረቀት አይጠይቅ፣ ምስክር አያቆም፣ ጊዜ አይወስድ። ጉድለቱ ግን ከቅለቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የሚለካው አንደበትን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ምላሱ የተኮላተፈ ገለዓዳዊ በዚያ ቀን በመሻገሪያው አልፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይገጥመው እንደ ነበር መጽሐፉ አይናገርም።

በዘመናችን ይህ ፈተና በኢንተርኔት በር ላይ ዳግም ተተክሏል። ኢ-ሜይል ለመክፈት፣ የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ፣ በጭውውት መድረክ ላይ አንድ ቃል ለመጣል የሚመጣ ሰው የተጣመመ ፊደል አንብብ፣ ሥዕል ምረጥ፣ «ሮቦት አይደለሁም» ብለህ ምልክት አድርግ ይባላል። ተጠርጣሪው ከማዶ የመጣ ጠላት ሳይሆን «ቦት» የሚሉት፣ የሰውን ሥራ እያስመሰለ ያለ ድካም የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ይህ ፈተና እንዴት እንደ ተወለደና ማንን ከበር ውጭ እንዳስቀረ የሚናገረው ታሪክ ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጥራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ነው። ቱሪንግ በ1950 «ማይንድ» በተባለው የፍልስፍና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ «ማሽን ያስባልን?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጨዋታ ለወጠው። መርማሪው በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ በሌላ ክፍል ሰውና ማሽን አሉ፤ ጥያቄና መልሱ በጽሑፍ ብቻ ይመላለሳል። መርማሪው ከሁለቱ ማንኛው ሰው እንደ ሆነ መለየት ካቃተው ማሽኑ አለፈ ይባላል።

በጽሑፉ ውስጥ ቱሪንግ ካቀረባቸው የምሳሌ ጥያቄዎች አንዱ በስኮትላንድ ስላለው የፎርዝ ድልድይ ግጥም ጻፍ የሚል ነው። ተጠያቂው ግጥም ዕጣዬ አይደለም በሚል ስሜት ይሸሻል። (ቱሪንግ ጎጃም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ቅኔ ዝረፍ የሚል በሆነ ነበር፤ ሽሽቱ ግን እንዲህ በቀላሉ ባልተሳካ።) ቀጥሎ 34,957ን ከ70,764 ጋር ደምር ይባላል። ተጠያቂው 30 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ 105,621 ሲል ይመልሳል። ትክክለኛው ድምር 105,721 ነው። ስሕተቱ የማተሚያ ቤት አይመስልም፤ ቱሪንግ ራሱ ዝቅ ብሎ፣ ማሽኑ እንዳይታወቅበት ሆን ብሎ ሊሳሳት እንደሚችል ጽፏልና። ሰው መምሰል ማለት መሳሳትንም መምሰል መሆኑን ገና ከጅምሩ አይቶታል። በ50 ዓመት ገደማ ውስጥም ተራ መርማሪ ከአምስት ደቂቃ ጥያቄ በኋላ ትክክለኛውን የመለየት ዕድሉ ከመቶ 70 እንደማይበልጥ ተነበየ።

ትንቢቱ ከመድረሱ በፊት ሰው በቀላሉ እንደሚታለል ታየ። በ1936 ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደው ጆሴፍ ዋይዘንባውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ «ኢላይዛ» የተባለች ፕሮግራም ሠርቶ በ1966 ይፋ አደረገ። ኢላይዛ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ የተነገራትን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ መልሳ ትጠይቅ ነበር እንጂ። ሆኖም ስትሠራ ያየቻት የገዛ ጸሐፊው ከኢላይዛ ጋር ጥቂት እንደ ተጨዋወተች ዋይዘንባውም ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው በዚህ እጅግ ደንግጦ የቀረውን ዕድሜውን ስለ ኮምፒዩተር ወሰን በማስጠንቀቅ አሳለፈ።

ጉዳዩ ከሊቃውንት ክርክር ወጥቶ የገበያ ችግር የሆነው ኢንተርኔት ሲስፋፋ ነው። በ1997 «አልታቪስታ» የተባለው የመፈለጊያ ድርጅት ማንም ሰው የድረ ገጹን አድራሻ እንዲያስመዘግብ በሩን ከፍቶ ነበር። ፕሮግራሞች በሺህ የሚቈጠር የውሸት አድራሻ አጎረፉበት። አንድሬ ብሮደርና ባልደረቦቹ የዘየዱት ዘዴ ውስጥ ቀልድ ያለበት ነው። የአንድ ስካነር መመሪያ መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ መሣሪያው ጽሑፍን ሳይሳሳት እንዲያነብ ፊደሉ አንድ ዓይነት፣ ወረቀቱ ንጹሕ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን እያለ ይመክራል። እነርሱም ምክሩን አንድ በአንድ ገልብጠው ተከተሉት። ፊደሉን አጣመሙ፣ ቅርጹን አደባለቁ፣ ጀርባውን አዥጐረጐሩ። ሰው ያነበዋል፤ ማሽን ይሰናከላል። የውሸት ምዝገባው ከመቶ 95 እጅ በላይ ቀነሰ።

በሁለት ዓመቱ፣ በኅዳር 1999፣ «ስላሽዶት» የተባለው ድረ ገጽ በኮምፒዩተር ሳይንስ የላቀው ዩኒቨርሲቲ የትኛው እንደ ሆነ አንባቢዎቹን ድምፅ አሰጠ። የካርኔጊ ሜለን ተማሪዎች በሺህ ጊዜ ድምፅ የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፉ፤ የማሳቹሴትስ ተማሪዎችም በማግስቱ የራሳቸውን ይዘው ቀረቡ። በመጨረሻ ማሳቹሴትስ 21,156፣ ካርኔጊ ሜለን 21,032 ድምፅ ሲያገኙ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ከ1,000 በታች ቀረ። ሁለቱ ፕሮግራሞች ተፎካከሩ፤ ሰው የሰጠው ድምፅ ከመካከላቸው ጠፋ። ነገሩ የተማሪ ጨዋታ ነበርና ተሳቀበት። በአገር ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕዝብ አስተያየት ቢሆን ኖሮ የሚስቅ ባልተገኘ።

በ2000 «ያሁ» ተመሳሳይ መከራ ገጠመው። ቦቶች በጭውውት መድረኮቹ እየገቡ ማስታወቂያ ይረጩ፣ ነፃ ኢ-ሜይሉንም በብዛት ይከፍቱ ነበር። ችግሩ ለካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች ቀረበ። ካራካስ የተወለደው ፕሮፌሰር ማኑኤል ብሉም፣ ከጓቲማላ የመጣው ወጣት ተማሪው ሉዊስ ፎን አን፣ ኒኮላስ ሆፐርና ጆን ላንግፎርድ ፈተናውን በሥርዓት አበጁት፤ «ካፕቻ» የሚለውንም ስም ሰጡት። ስሙ ኮምፒዩተርንና ሰውን የሚለይ፣ በራሱ የሚሠራ የቱሪንግ ፈተና የሚል ረጅም ሐረግ በእንግሊዝኛ አኅጽሮት የተጻፈበት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። በቱሪንግ ጨዋታ ዳኛው ሰው ነበር። በካፕቻ ዳኛው ማሽን ሆነ። ፈታኙ ኮምፒዩተር ራሱ ማለፍ የማይችለውን ፈተና ለሰው ሰጥቶ፣ አርሞ፣ እለፍ ወይም ተመለስ ይላል።

ፈተናው ሳይውል ሳያድር መሸነፍ ጀመረ። በ2003 ግሬግ ሞሪና ጂተንድራ ማሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሁ ይጠቀምበት የነበረውን ዓይነት ከመቶው 92 ጊዜ የሚፈታ ፕሮግራም አሳዩ። የካፕቻ ፈጣሪዎች በዚህ አልተከፉም፤ ፈተናው ካልተፈታ በሩ ይጠበቃል፣ ከተፈታም ማሽን አንድ ዕውቀት ጨመረ ማለት ነው ብለው ነበርና። ነጋዴው ግን ከሳይንቲስቱ የረከሰ መንገድ አገኘ። በቻይና፣ በህንድና በመሳሰሉት አገሮች ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ካፕቻ የሚፈቱ ሰዎች ተቀጠሩ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች በ2010 እንዳወጡት፣ የ1,000 ካፕቻ መፍቻ ዋጋ እስከ 50 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ወርዶ ነበር። እዚህ ላይ ፈተናው አልተሳሳተም። በሩ ላይ የቆመው በእርግጥ ሰው ነው፤ የላከው ማሽን ሆኖ እንጂ።

ፎን አንም በበኩሉ ሌላ ስሌት አሳስቦት ነበር። በዓለም ላይ በቀን 200 ሚሊዮን ያህል ካፕቻ ይፈታል፤ እያንዳንዱ 10 ሴኮንድ ቢወስድ በየቀኑ ከ500,000 ሰዓት በላይ የሰው ዕድሜ ይባክናል። ስለዚህ በ2007 «ሪካፕቻ»ን ይዞ መጣ። ለተጠቃሚው ሁለት ቃላት ይቀርባሉ፤ አንደኛው መልሱ የታወቀ፣ ሁለተኛው ከአሮጌ ጋዜጣና መጽሐፍ ተቀርጾ ስካነር ማንበብ ያቃተው። የመጀመሪያውን በትክክል የጻፈ ሁለተኛውንም በትክክል እንዳነበበ ይገመታል። በዚህ ዘዴ በአንድ ዓመት ከ440 ሚሊዮን በላይ ቃላት ተነበቡ፤ የኒው ዮርክ ታይምስ አሮጌ ቅጾችም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በ2009 ጉግል ገዛው። ከዚያ ወዲያ ፈተናው የቤት ቍጥር፣ የትራፊክ መብራትና አውቶቡስ መለየት ሆነ፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የዓለም ሕዝብ የኩባንያውን ማሽኖች ማየት አስተማረ ማለት ይቻላል።

የሺቦሌት ጉድለት ያን ጊዜ ጎልቶ ወጣ። የተጣመመው ፊደል ላቲን ነው፤ ማንበብና መጻፍን በግዕዝ ፊደል ብቻ የተማረ ሰው በዚህ ፈተና ዓይን ሰው አልነበረም። ዓይነ ስውር ይዘጋበታል። ምትክ ሆኖ የቀረለት ድምፅ ደግሞ በጩኸት የተበረዘ፣ ብዙውን ጊዜም እንግሊዝኛ ነበር። የዓለም አቀፉን ድር ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ይህን በ2005 ባወጣው ጽሑፍ አመልክቷል። ሥዕሉም ቢሆን አገር አለው። በጅማ ወይም በካምፓላ ያደገ ሰው አሜሪካ በየመንገዱ ጥግ የምትተክለውን አጭር የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ካላወቀ ሰውነቱ ይጠረጠራል።

በታኅሣሥ 2014 ጉግል «ሮቦት አይደለሁም» የምትለዋን ትንሽ ሣጥን አመጣ። የተጣመመውን ፊደል ማሽን ከመቶ 99.8 እጅ ያህል በትክክል እንደሚያነበው የራሱ ጥናት አሳይቶት ነበር። ብዙ ሰው በሣጥኗ ላይ ምልክት ማድረጉ ራሱ ፈተናው ይመስለዋል። ፈተናው ግን ከምልክቱ በፊትና በኋላ ያለው ሁሉ ነው፤ የእጁ አኳኋን፣ የመጣበት መስመር፣ ቀድሞ የጎበኘው ነገር። በ2018 የወጣው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ጎብኚውን እያየ ነጥብ ይሰጣል። ጥያቄው ቀርቶ ክትትል ተተካ። ብዙ ሰው በአንድ መስመር በሚጠቀምበት የኢንተርኔት ቤት የተቀመጠ ደንበኛም የጎረቤቱ ጥፋት በእርሱ ላይ ይቈጠርበታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በመጋቢት 2023 የ«ጂፒቲ-4» ሠሪዎች ይፋ ባደረጉት ሰነድ ላይ አንድ የሙከራ ታሪክ ተመዘገበ። ፕሮግራሙ በመርማሪዎቹ ድጋፍ አንድ ተከፋይ ሠራተኛ ካፕቻ እንዲፈታለት ጠየቀ። ሠራተኛው በቀልድ ሮቦት ነህ እንዴ ሲለው፣ ዓይኔ በደንብ ስለማያይ ነው ሲል መለሰለት። ሠራተኛውም ፈታለት። ፈተናው ከበር ውጭ ያስቀረውን ዓይነ ስውር ማሽኑ ጭምብል አድርጎ ገባበት። በ2024 በዙሪክ ተመራማሪዎች የጉግልን የሥዕል ፈተና ሙሉ በሙሉ የሚያልፍ ፕሮግራም አሳዩ። በ2025 በሳንዲያጎ በተደረገ ሙከራ ደግሞ መርማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ከሰውና ከማሽን ጋር ተጻጽፈው፣ ከመቶው 73 ጊዜ ሰው ነው ያሉት «ጂፒቲ-4.5»ን ሆነ። ሰው ሆኖ የቀረበው ሰው ብዙውን ጊዜ ተሸነፈ።

አንደበት፣ ንባብና ጠባይ መለያ መሆን ሲያቅታቸው ጠባቂው ወደ ሥጋ ዞረ። የጂፒቲ ሠሪ ኩባንያ መሪ ሳም አልትማን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው «ወርልድኮይን» በሐምሌ 2023 ሥራውን በይፋ ጀመረ። የብር ቀለም ያለው ኳስ መሰል መሣሪያ የዓይንን ብሌን ያነሣል፤ ከምስሉም እያንዳንዱ ሰው አንድና ልዩ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቍጥር ይወጣል። ማሽኑን ያበጀው እጅ የማሽን መከላከያውንም መሸጡ ለብዙዎች አስገራሚ ነበር።

በናይሮቢ በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ረጅም ሰልፍ ቆመ። ዓይኑን ላስነሣ ሰው የሚሰጠው 25 የኩባንያው ዲጂታል ገንዘብ በጊዜው 7,000 የኬንያ ሽልንግ ያህል ያወጣ ነበር፤ የኑሮ ውድነት ለበረታበት የከተማው ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም። በነሐሴ 2 ቀን የኬንያ መንግሥት ምዝገባውን አገደ፤ እስከዚያ ከ350,000 በላይ ሰው እንደ ተመዘገበ ተነግሯል። ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በግንቦት 2025 በሰጠው ውሳኔ በገንዘብ ማባበያ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ አስታውቆ፣ ከኬንያውያን የተሰበሰበው የዓይንና የፊት መረጃ በ7 ቀን ውስጥ፣ በአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ተቈጣጣሪነት እንዲደመሰስ አዘዘ።